«እናቴ በስልክ የሚላክ ብር አልቀበልም አለች»

ደብዳቤው የመጣው ከሳሪስ ነው። ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ብቻ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«እናቴ እንጀራ ጋግራ ነው ያሳደገችን። አሁንም ትጋግራለች። ደንበኞቿ ግን ዘንድሮ ጥሬ ብር ይዘው አይመጡም። ‹እማማ፣ በቴሌብር ልላክ?› ነው የሚሏት። እኔ አምና በስሜ ከፈትኩና ስልክ ቁጥሬን ካርቶን ላይ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩላት። ብር ሲገባ ቢሮ ሆኜ አይና ደውዬ ‹ገብቷል› እላታለሁ። ከሁለት ወር በፊት አንድ ወጣት ‹ለክርስትና ነው› ብሎ 80 እንጀራ አዘዘ። ሊወስድ ሲመጣ ስልኩን አሳያት። 1,600 ብር መላኩን የሚገልጽ መልእክት ነበር። ደወለችልኝ፤ ስብሰባ ላይ ስለነበርኩ አላነሳሁም። እሷም አመነችውና ሰጠችው። ማታ ሳይ ምንም የገባ ብር የለም። ልጁም ያው እንደወጣ ቀረ። በማግስቱ ካርቶኑን ቀድዳ ጣለችው። ‹ጥሬ ብር የሌለው ሰው እኔ ጋ አይምጣ› አለች። ደንበኞቿ አሁን ወደ ጎረቤት እየሄዱ ነው። ባነሳሁባት ቁጥር እንጨቃጨቃለን። ተሳስታለች አይደል? እንዴት አድርጌ ላሳምናት?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ለእናትሽ አዝኛለሁ። የእንጀራ ጋጋሪ ልጅ ስለሆንሽ ላንቺ አይነገርሽም፤ 80 እንጀራ ቀላል ሥራ አይደለም። ሊጡ ቀናት ይፈጃል፣ አብሲት ይጣላል፣ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። ከዚያ ደግሞ ጢሱና ሙቀቱ ፊት ላይ እየመታ ምጣድ ስር ለሰዓታት መቀመጥ አለ። አንዱ መጥቶ ያንን ሁሉ በአንድ መልእክት ወሰደባት። ብትቆጣ አይፈረድባትም።

«ተሳስታለች አይደል?» ላልሽው፣ አዎ ማለት ይከብደኛል። መጠርጠሯ ልክ ነው። የመረጠችው መፍትሔ ግን የሚጎዳው ሌባውን ሳይሆን እሷን ነው። አንቺም በበኩልሽ አንድ ስህተት ሠርተሻል፤ እሱን ዝቅ ብዬ እነግርሻለሁ።

በመጀመሪያ የሆነውን ነገር በደንብ እንየው። እናትሽን የዘረፋት ቴሌብር አይደለም። ቴሌብር ያን ቀን እዚያ በር ላይ ጭራሽ አልነበረም። ምንም ብር አልተላከም፣ ምንም ብር አልተቀበለችም። የነበረው በሌባው ስልክ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ብቻ ነው። ጽሑፍ ደግሞ ማንም ይጽፋል። የድሮ መልእክት ተገልብጦ ቁጥሩና ቀኑ ይቀየራል። የባንክ ደረሰኝ የሚመስል ምስል ይሠራል። ስክሪንሾት ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው።

እውነተኛው መልእክት የሚመጣው ወደ ተቀባዩ ስልክ ነው። በቴሌብር ከሆነ ላኪው «127» ብሎ ይገባል። በተራ የሞባይል ቁጥር «ብር ገብቶልዎታል» የሚል ከመጣ ሐሰት ነው። እሱም ቢሆን መልእክት ነውና የመጨረሻው ማረጋገጫ ሒሳቡ ራሱ ነው። ቀሪ ሒሳብ ታይቶ ከጨመረ ገብቷል፤ ካልጨመረ አልገባም። የላኪው ስልክ ላይ ያለው ነገር ለላኪው ነው እንጂ ለሻጭ ምንም አይደለም። አንድ ሰው ባዶ እጁን ጨብጦ «እዚህ ውስጥ 1,600 ብር አለ» ቢላት እናትሽ እጁን ሳታስከፍተው እንጀራ አትሰጠውም ነበር። ይኸውም እንደዚያው ነው። በዚህ መልኩ ብታስረጂያት የሚገባት ይመስለኛል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። እንዳትከፊብኝ።

አካውንቱን የከፈትሽው በራስሽ ስም ነው። ቁጥሩ ያንቺ፣ ስልኩ ያንቺ፣ ፒኑ ያንቺ። እሷ ጋግራ ትሸጣለች፤ ብሩ ግን ገብቶ የሚቀመጠው ሌላ ሰፈር ባለ ቢሮ፣ ያንቺ ቦርሳ ውስጥ ነው። ገባ አልገባ ለማወቅ አንቺን መጠየቅ አለባት። እሑድ እቁብ ለመጣል «ስንት አለኝ?» ብላ ልጇን መጠየቅ አለባት። ዱቄት አቅራቢው በር ላይ ቆሞ አንቺ እስክትልኪ ትጠብቃለች። አንቺ ከብሯ እንደማትነኪ አልጠራጠርም። በደብዳቤሽ ውስጥ ያለው ፍቅር ይታያል። ግን ስንት ዓመት ሙሉ ብሯን በመቀነቷ ቋጥራ፣ በእጇ ቆጥራ የኖረች ሴት ናት። በአንድ ቀን ከገዛ ገንዘቧ አራቅሻት። ያ ወጣት ሲመጣ ማየት የምትችለው የሱን ስልክ ብቻ ነበር፤ ብሩ የሚገባው በራሷ ስልክ አልነበረምና። ሌባው የገባው በዚያ ቀዳዳ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አንቺ ብትታመሚ፣ ስልክሽ ቢጠፋ፣ ለሥራ ክፍለ ሀገር ብትሄጂ፣ የእናትሽ ገንዘብ አብሮሽ ይሄዳል። በሕግም ቢሆን በስምሽ ያለ ሒሳብ ያንቺ ነው የሚባለው። ወንድምና እህት ባለበት ቤት ደግሞ ይህ ነገር ዛሬ ባይሆን ነገ ቅሬታ ይወልዳል።

ስለዚህ «እንዴት ላሳምናት?» ከማለትሽ በፊት «እንዴት በእጇ ላድርግላት?» በይ። ብሩ ሲገባ በራሷ ዓይን ካየች፣ ማሳመን አያስፈልግሽም።

ለሷ ምን ይጠቅማታል? እንጀራ በምትሸጥ ሴት ቦታ ሆነሽ አስቢው። ትልቁ ነገር ዝርዝር ነው። ሰው ለአምስት እንጀራ ባለ 200 ኖት ይዞ ይመጣል። መልስ የለም። «ነገ ታመጣለህ» ተብሎ ይሄዳል፣ ነገ ይረሳል። ወይም ጎረቤት ሱቅ ለዝርዝር ልጅ ይላካል፣ ምጣዱ ላይ ያለው እንጀራ ይደርቃል። በስልክ ሲሆን መቶ ከሆነ መቶ፣ ዘጠና ከሆነ ዘጠና ይገባል። ሁለተኛ፣ ሥራው ሞቅ የሚለው ማታ ማታ ነው። በደብዛዛ አምፖል ስር ሐሰተኛ ኖት መለየት ለወጣት ዓይንም ያስቸግራል። የተቀደደውንና በፕላስተር የተጣበቀውን ብር ደግሞ ታክሲም አይቀበላት። ሦስተኛው ማታ የሽያጭ ብር ይዞ ማደር ነው። ቤቱም ያስፈራል፣ መንገዱም ያስፈራል። ሌላው ቢቀር መስከረም 2013 የብር ኖት የተቀየረ ጊዜ ፍራሽ ስር ያስቀመጡ ሰዎች በሦስት ወር ውስጥ ለመቀየር ባንክ በር ላይ የተሰለፉትን ሰልፍ እናትሽ አትረሳውም።

እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ የማየው መዝገቡን ነው። በደብተር የማይጻፍ ንግድ ትርፉ አይታወቅም። ጤፍ ሲወደድ «ከስሬ ይሆን?» ብላ ታስባለች፤ ግን ቁጥር የላትም። በስልክ የገባው ብር ሁሉ ከነቀኑ ይቀመጣል። ወር ላይ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ስንት እንደገባ፣ ለዱቄትና ለመብራት ስንት እንደወጣ ታያላችሁ። ምናልባት እስከ ዛሬ ራሷ የማታውቀውን ታገኙ ይሆናል፤ የትኛው ቀን እንደሚሸጥላት፣ የትኛው ደንበኛ እንደሚያዋጣት።

ነገሩ ደግሞ የሚመለስ አይደለም። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ነው። ኤምፔሳ ነሐሴ 2015 ተከተለ። ባንኮቹም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መተግበሪያ አላቸው። ሚያዝያ 2015 አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ብር መሸጥ ሲቀር ሾፌሩ ሁሉ ወደደም ጠላም ለመደው። ቴሌብር ብቻውን ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለው። የሳሪስ ልጆች ጥሬ ብር ወደ መያዝ አይመለሱም። እናትሽ በሯን ብትዘጋ ሌላ በር ክፍት ነው፤ አንቺም እያየሽው ነው።

ይህን ስልሽ ግን ጉዳት የለውም እያልኩሽ አይደለም። አለው። እኔን የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ባለፈው ክረምት ትንሹ ልጄን ሌሊት ትኩሳት ያዘው። አንስቼው ወጣሁ። ቦርሳዬ ቤት ቀረ፣ ግድ አልሰጠኝም። ስልኬ ላይ ከ4,000 ብር በላይ ነበረኛ። ሐኪሙ አየውና መድኃኒት አዘዘ። ፋርማሲ ገባሁ፤ 680 ብር። ስልኬን አወጣሁ፣ ቁጥሩን አስገባሁ፣ ፒን መታሁ። ክቧ ትዞራለች። ትዞራለች። «እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ» አለኝ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው። *127# ደውዬም ሞከርኩ። ፋርማሲስቷ መድኃኒቱን ይዛ ቆማለች፤ «እናቴ፣ ከማታ ጀምሮ ሲስተም የለም እኮ» አለችኝ። ልጄ ትከሻዬ ላይ ይቃትታል። የኤቲኤም ካርዴ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ቦርሳዬ ቤት። በመጨረሻ አዘነችልኝና ስልክ ቁጥሬን መዝግባ ሰጠችኝ። ጠዋት ሄጄ ከፈልኩ። ባታዝንስ? ከዚያ ሌሊት ወዲህ ከስልኬ ከቨር ጀርባ አራት ባለ 200 ኖት አለ። አይነካም።

ለእናትሽም ይኸው ነው የምለው። ለሁለትና ለሦስት ቀን ዱቄትና መብራት የሚበቃ ጥሬ ብር ሁልጊዜ እጇ ላይ ይኑር። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ሲስተም ይጠፋል። በዚያ ቀን ደንበኛው በጥሬ ብር ይክፈል፤ የምታምነው ከሆነ ደግሞ በዱቤ ትጻፍለት። የማታምነውን «ነገ ና» ማለት መብቷ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ብር ከላኪው ይቆረጥና ለተቀባዩ ሳይደርስ ይቀራል። በዚህ የሚጣላ ሰው ብዙ ነው። «ቆርጦብኛል» ይላል ገዢው፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። እናትሽ እዚያ ክርክር ውስጥ አትግባ። «ልጄ፣ እኔ ጋ አልገባም፤ ሲገባ እሰጥሃለሁ» ትበለው። የተቆረጠውን የሚመልስ አሠራር አለ። የግብይት ቁጥሩን ይዞ ቴሌብር ከሆነ 127፣ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 መደወል ያለበት ላኪው ነው።

ትልልቆቹም ይሳሳታሉ። መጋቢት 2016 ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተሙ ለሰዓታት ተዛብቶ ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ብር ያወጡበትንና ያስተላለፉበትን ሌሊት ታስታውሻለሽ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ያልመለሱትን ስም ዝርዝር አውጥቶ መልሱ አለ፤ አብዛኛው ብርም ተመለሰ። እኔ ከዚያ ነገር ሁለት ነገር ይታየኛል። ሲስተም የሚባለው ነገር በጭፍን የሚታመን አይደለም። በእውነት የተላለፈ ብር ግን ዱካ አለው፤ ማን፣ መቼ፣ ወደ ማን እንደላከ ይታወቃል። የእናትሽ ሌባ በእውነት ልኮ ቢሆን ኖሮ ስሙን ዛሬ ታውቁት ነበር።

ሊፈራ የሚገባው ሌላው ነገር ስልክ ጥሪ ነው። «ከባንክ ነው የምንደውለው»፣ «ሽልማት ደርሶዎታል»፣ «አካውንትዎ ሊዘጋ ነው፣ የመጣልዎትን ኮድ ይንገሩን» የሚሉ አሉ። እነዚህ በትልልቅ ሰዎች ላይ ይበረታሉ፤ ድምፃቸው ትሑት ነው፣ «እማማ» እያሉ ነው የሚያወሩት። ፒን የሚጠይቅ የባንክ ሠራተኛ የለም። የማረጋገጫ ኮድም እንደዚያው። «በስህተት ብር ልኬብዎት ነው፣ ይመልሱልኝ» የሚልም አለ። መጀመሪያ ሒሳቧን ትይ። ብዙውን ጊዜ ምንም የገባ ነገር የለም። በእውነት ገብቶ ከሆነም ራሷ አትላክ፤ በ127 በኩል ይመለስ።

ብድሩ ላይም ቆም በሉ። አሁን ስልክ ላይ ቁጥር ነክቶ ብር መበደር ተችሏል። ለጤፍ መግዣ ሲቸግር ይጠቅማል፤ አራጣ አበዳሪ ከመለማመጥ ይሻላል። ግን ሲወሰድ እንደ ወሬ ይቀላል፣ ሲከፈል ግን ይከብዳል። ክፍያው ስንት እንደሆነና መመለሻው መቼ እንደሆነ ሳትጠይቂ አታስነኪያት። እቁቧ እያለ ባትነካው ደስ ይለኛል።

«ግብር ይመጣብሻል» ብለው ጎረቤቶቿ አስፈራርተዋት ከሆነ፣ በስልክ የገባ ብር እንደሚመዘገብ እውነት ነው። አትደብቂያት። ወረዳችሁ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄደሽ የሷ ዓይነት ሥራ ምን እንደሚጠበቅበት ጠይቂ። ጠይቆ ማወቁ ሲፈሩ ከመኖር ይቀላል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ዘመናዊ ስልክ ካላት መልካም፤ ባለ ቁልፍ ስልክ ብቻ ቢኖራትም ይበቃታል። *127# ተብሎ ሲደወል ያለ ኢንተርኔት፣ በአማርኛ ይሠራል። መጀመሪያ ግን ሲም ካርዷ በማን ስም እንደተመዘገበ እይ። ብዙ እናቶች የያዙት ሲም በልጅ ወይም በዘመድ ስም ነው። በስሟ ካልሆነ መታወቂያዋን ይዛችሁ ሄዳችሁ በስሟ አድርጉት። ከዚያ በስሟ ትመዝገብ።

ፒኑ ስድስት አኃዝ ነው። ራሷ ትምረጠው፤ አንቺ ዞር በይላት። አዎ፣ አንቺም አትወቂው። የልደት ዓመትም የስልክ ቁጥርም አይሁን። ማንበብ ቢቸግራት እንኳ ቁጥር አታጣም፤ ብር ስትቆጥር የኖረች ሴት ናት። እንጀራ የምትቆጥርበት መንገድ ካላት ፒኑንም በዚያ ታስታውሳለች። ወረቀት ላይ ግን አይጻፍ፣ የስልኩ ጀርባ ላይማ ከቶ አይሆንም።

ሥራው እየሰፋ ከሄደ የነጋዴ አካውንት አለ፤ አጭር ቁጥር ወይም ኪውአር ኮድ ይሰጣታል። ለአሁኑ ግን የራሷ ቁጥር ይበቃል። አዲስ ካርቶን አዘጋጂ። ቁጥሯንና ሙሉ ስሟን በትልቁ ጻፊበት። ደንበኛው ሲልክ ከማረጋገጡ በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣለታል፤ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ያመሳክራል። በተሳሳተ ቁጥር የሚላክ ብር የሚቀንሰው በዚህ ነው። ከሥር ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጨምሪበት፦ «ብሩ እኔ ስልክ ላይ ሳይገባ እንጀራ አይወጣም።» ጨዋ ደንበኛ በዚህ አይቀየምም። የሚቀየም ቢኖር እሱኑ ነው መጠርጠር።

ብዙ እንጀራ ለሚያዝዝ ሰው ቀብድ ይኑር። ይህ የድሮ ደንብ ነው፣ እናትሽ ካንቺ በላይ ታውቀዋለች። 80 እንጀራ የሚፈልግ ሰው ከዋዜማው ግማሹን ይላክ። በጥሬ ብር ጊዜ ቀብድ ለመስጠት መመላለስ ነበረበት፤ አሁን ካለበት ሆኖ ይልካል። ልጁን ያን ቀን ቀብድ ጠይቃው ቢሆን ዋዜማውን ይታወቅ ነበር፣ ሊጡም ባልተነካ።

ስለ እሱ ካነሳን፣ ያዘዘው ደውሎ ከሆነ ቁጥሩ እናትሽ ስልክ ውስጥ ይኖራል። ይዛችሁ አቅራቢያችሁ ያለ ፖሊስ ጣቢያ አመልክቱ። ሁለት ወር አልፏል ብላችሁ አትተዉት። ብሩ ባይመለስ እንኳ ልጁ በሌላ ጋጋሪ ላይ እንዳይደግመው ቃሏ ይመዝገብ።

ከተመዘገበች በኋላ፣ ማታ ሥራ ሲያልቅ፣ ምጣዱ ሲቀዘቅዝና እጇን ስትታጠብ አጠገቧ ቁጭ በይ። ስለ ልጁ አታንሺ፤ ስለ ካርቶኑም አትከራከሪያት። አንቺ ከስልክሽ 5 ብር ላኪላት። መልእክቱ ሲገባ ስልኩን ከእጇ አትውሰጂ፤ ራሷ ትክፈተው። ቀሪ ሒሳቧን ራሷ ትይ። ከዚያ 5 ብሯን መልሳ ትላክልሽ፤ ስምሽ ሲወጣ አይታ፣ ፒኗን መትታ። ትሳሳታለች፤ ታገሻት። ነገም ድገሙት፣ ከነገ ወዲያም። አንድ ሳምንት ያህል ከእንጀራው ጋር ሳይገናኝ በእናትና በልጅ መካከል ብቻ ይሁን። «አሁን ለጥፊው» ብላ ራሷ እስክትጠይቅሽ ድረስ ካርቶኑን ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጪው።